አውራ ዶሮ አላችሁ?

እናቴ የታቀፈች ዶሮ አትወድም ነበር። እንቁላል መጣል አቁማ፣ ላባዋን ነፍታ፣ ከጎጆዋ አልነሳም ያለች ዶሮ ለእሷ ሥራ ፈት ማለት ናት። ስድስት ዶሮዎች ነበሩን። አንዷ እንዲህ ባደረጋት ቁጥር እናቴ ከስፌት መኪናዋ ተነስታ ወደ ጓሮ ትወጣና እጇን ከዶሮዋ ሆድ ሥር ሰድዳ፣ እየነቆረቻትም ቢሆን፣ ብድግ ታደርጋታለች። አባቴ በሕይወት ሳለ የሠራው፣ ወለሉ የሽቦ መረብ የሆነ ሳጥን ነበረን። ዶሮዋን እዚያ ታስገባትና ሳጥኑን ሁለት ድንጋይ ላይ ታቆመዋለች። ገለባ የለ፣ ጨለማ የለ፣ የሚታቀፍ ነገር የለ፤ ነፋሱ ብቻ ከታች እየገባ የጋለ ሆዷን ያበርደዋል። በሦስተኛው፣ ቢበዛ በአራተኛው ቀን ሁሉን ረስታ ትወጣለች።

እኔ ዶሮዋ አሳዝናኝ ስነጫነጭ፣ ዝም ብዬ ብተዋት ደግነት ይመስልሻል፣ ባዶ ገለባ ላይ ተቀምጣ ከስታ ነው የምትሞተው፣ ትለኝ ነበር።

ስለዚህ በስምንት ዓመቴ፣ በዝናቡ ወር፣ ጥቁሯ ዶሯችን ዕቃ ቤት ውስጥ የታቀፈች ቀን የሽቦውን ሳጥን ማንም ሳያዘኝ ጎትቼ አመጣሁ። ይቺን ዶሮ "አኩራፊዋ" ነበር የምንላት፤ ከሌሎቹ ጋር አትጭርም፣ ጥሬ ሲበተን እንኳ ተለምና ነው የምትመጣው። እናቴ ሳጥኑን አየችና መልሺው አለችኝ።

"ታቅፋለች እኮ" አልኳት።

"ትታቀፍ። ዘንድሮ ጫጩት እፈልጋለሁ።"

አሥራ አንድ እንቁላል ቆጥራ ከሥሯ አስቀመጠችላት። ከዚያ የዕቃ ቤቱን በር ቆለፈችና ቁልፉን በክር አንገቷ ላይ አንጠለጠለችው። የዕቃ ቤታችን በር ተቆልፎ አያውቅም ነበር። ውስጡ ያለው የአባቴ ቁም ሳጥን፣ የጨርቅ ቁርጥራጭ የሞላባቸው ጆንያዎችና አሮጌ ፍራሽ ብቻ ነው። እናቴ ግን ጎንበስ ብላ ሁለቱንም ትከሻዬን ይዛ አስጠነቀቀችኝ። የታቀፈች ዶሮ ከደነገጠች እንቁላሉን ጥላ ትነሳለች፣ እንቁላሉም ይበላሻል። ሃያ አንድ ቀን ሙሉ ከእሷ በቀር ማንም አይገባም። ለማንም አይወራም። ያወሩበት እንቁላል አይፈለፈልም።

የመጨረሻው ለእኔ ተብሎ የተፈጠረ ነው። ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራኝ "ሬዲዮ" እያለ ነበር።

በዚያው ሳምንት የእናቴ ታናሽ እህት፣ አስተማሪዋ አክስቴ፣ መንገድ ሄዳለች ተባልኩ። ወዴት ብዬ ብጠይቅ ሩቅ፣ መቼ ትመጣለች ብል ስትጨርስ። አክስቴ ዝምተኛ ነበረች፤ ስትስቅ እጇን አፏ ላይ ታደርጋለች። እኔ አፍራ ይመስለኝ ነበር። የተሰበረ ጥርሷን እንደምትሸፍን የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ ያኔ ከአክስቴ ይልቅ የምወደው ባሏን ነበር። ፎቶ አንሺ ነው። ስቱዲዮው ግድግዳ ላይ ሐይቅና ሁለት ነጭ ወፎች ተሥለው ነበር፤ በየልደቴ እዚያ ሐይቅ ፊት አቁሞ በነጻ ያነሳኛል። ከረሜላ የሚይዘው በፊልም ቆርቆሮ ውስጥ ነው። ጆሮዬ ሥር ኩሽኩሽ ያደርገውና "ስንት አለ?" ይለኛል፤ ካወቅሁ ሁሉም የእኔ ነው። ሰው ሁሉ ይወደዋል። ሠርግ ላይ፣ ምረቃ ላይ፣ የሚያለቅስ ሕፃን ሲያይ ቁጢጥ ብሎ እንደ ድመት ይጮህለታል።

አክስቴ መንገድ ከሄደች በኋላ ሁለት ጊዜ ቤታችን መጣ። የመጀመሪያው ቀን የእናቴ ደንበኞች የሚቀመጡበት አግዳሚ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ትልቅ ሰው ሲያለቅስ አይቼ ስለማላውቅ ፈዝዤ አየሁት። "እትዬ፣ ወሬዋን እንኳ አልሰሙም?" ይላታል። እናቴ መኪናዋን ሳታቆም፣ ዓይኗን ከመርፌው ሳታነሳ፣ ምንም አልሰማሁም ትለዋለች። መንገድ መሄዷን ለእኔ ነግራኝ ለእሱ ለምን እንደደበቀችው አልገባኝም። ክፋት መሰለኝ። እናቴን በልቤ ተቀየምኳት።

ሁለተኛው ቀን ግን አላለቀሰም። ጓሮ ወጥቶ እጁን ታጠበ። ፎጣ ይዤለት ቆሜ ሳለ የዕቃ ቤቱ በር ላይ የተንጠለጠለውን ቁልፍ ሲያየው አየሁት። "ሌባ ገባ እንዴ?" አለ። እናቴ ከኋላው ደርሳ፣ ዶሮ ታቅፋ ነው፣ ልጅቱ እየገባች አስቸገረቻት፣ አለችው። እውነትም ልግባ እያልኩ አስቸግሬ ስለነበር አፈርኩ።

አኩራፊዋ ግን እንግዳ ዶሮ ሆናብኝ ነበር። ጠዋት ጠዋት እናቴ አንስታ ጓሮ ስታወጣት አያታለሁ። ክንፏን ጥላ፣ ላባዋን እንደ ጃርት አቁማ፣ ቋ ቋ እያለች ሁለት ሦስት ጥሬ ትለቅምና፣ ውሃ ትጎነጭና፣ የሚከረፋ ትልቅ ኩስ ጥላ ወደ ጎጆዋ ትሮጣለች። ምግቧ ይኸው ነው። እናቴ ግን በቀን ሦስት ጊዜ በፎጣ የተሸፈነ ሳህን ይዛ ትገባለች። ዳቦ አየሁ፣ ሾርባ አየሁ። አንድ ቀን የተቀቀለ እንቁላል አየሁና፣ ዶሮ የራሷን እንቁላል ትበላለች እንዴ ብዬ ብጠይቅ፣ ለጉልበቷ ነው ተባልኩ። ሳህኑ ተጠርጎ ይመለሳል። ማንኪያም አብሮ።

ጎረቤታችን ጡረታ የወጣች ነርስ ነበረች። ግማሹን የሰፈር ልጅ ያዋለደች፣ ድምጿ ወፍራም፣ እርምጃዋ ከባድ፣ ሁሉም ሰው "ነርሷ" ብቻ የሚላት። እሷም ዶሮ ታረባለች። በአንድ ቀን ልዩነት ማታ ማታ ጥቁር ቦርሳዋን ይዛ ትመጣና ከእናቴ ጋር ዕቃ ቤት ትገባለች። በበሩ ስንጥቅ ስሰማ፣ ትንፋሽ ስትስቢ ያምሻል ወይ፣ ትላለች። ቀስ ብለሽ ተኚ፣ በዚያኛው ጎን አይሆንም፣ ይቺ አጥንት ሃያ ቀን ትፈልጋለች፣ ትላለች። ዶሮዋን ነው ብዬ አመንኩ። ሐኪም ያላት ዶሮ ያለን እኛ ብቻ መሆናችንን ለትምህርት ቤት ጓደኞቼ ሳልነግር መዋሌ ምን ያህል እንዳሠቃየኝ እኔ አውቃለሁ። አንድ ጊዜ ከውስጥ ሳል ሰማሁ። እናቴ፣ ጉንፋን ይዟት ነው አለች። ዶሮ ጉንፋን እንደሚይዛት ሰምቼ ስለነበር እሱንም አመንኩ።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ፎቶ አንሺው ከትምህርት ቤት በር ላይ ጠበቀኝ።

ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። ጃንጥላውን አጥፎ ቦርሳዬን ተቀበለኝ። ቆርቆሮውን ጆሮዬ ሥር ኩሽኩሽ አደረገው። አራት አልኩ፤ አራት ሆነ። መንገዱን እያወራን ሄድን። ስለ አክስቴ አንድ ቃል አልጠየቀኝም። ስለ ዶሮዋ ነው የጠየቀኝ። እሱም ልጅ ሆኖ ዶሮ ያረባ ነበር፤ የእናቱን ዶሮዎች በየስማቸው ነገረኝ። አሥራ ዘጠኝ ቀን የታፈነው ወሬዬ ያን ጊዜ ገነፈለ። አሥራ አንድ እንቁላል እንደታቀፈች፣ ሳህን ሙሉ ሾርባ እንደምትበላ፣ ጉንፋን እንደያዛት፣ ሁሉን ዘረገፍኩለት። እየሳቀ ሰማኝ። ከዚያ ጥግ ስንደርስ ቆመ።

"አውራ ዶሮ አላችሁ?"

"የለንም። ሲጮህ ደንበኛ ይረብሻል ብላ እማዬ ሸጠችው።"

"መቼ?"

"ድሮ። አምና።"

ሳቀ። ከአንገት በላይ የሚስቅ ሰው አይተን እናውቃለን፤ እኔ ግን ከዚያን ቀን በፊት አላየሁም ነበር። ቦርሳዬን መለሰልኝ፣ ጫጩቶቹን ነገ መጥቼ አያቸዋለሁ አለኝ፣ ጉንጬን ቆንጠጥ አድርጎ ሄደ። ያለ አውራ የተጣለ እንቁላል ሃያ አንድ ቀን አይደለም ሃያ አንድ ዓመት ቢታቀፉት እንደማይፈለፈል የስምንት ዓመት ልጅ አታውቅም። ዶሮ ያረባ ሰው ግን ያውቃል።

ቤት ስደርስ እናቴ የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ ትሰፋ ነበር። ካወራሁ እንቁላሉ አይፈለፈልም የተባለው ትዝ ብሎኝ ትንሽ ዝም ለማለት ሞከርኩ፤ አልቻልኩም። ፎቶ አንሺው ነገ ጫጩት ሊያይ እንደሚመጣ ነገርኳት። መኪናዋ ቆመች።

"ምን ጠየቀሽ?"

"ምንም። አውራ ዶሮ አላችሁ ወይ አለኝ።"

"አንቺስ?"

"የለንም አልኩት።"

ትመታኛለች ብዬ ጠበቅሁ። አልመታችኝም። መርፌው ቀሚሱ ላይ እንደተሰካ፣ እጇ ጨርቁ ላይ እንደሆነ፣ ግድግዳውን አየች። ያንን ፊቷን አሁንም በሕልሜ አየዋለሁ። ከዚያ ተነሳች። የማባዣ ሠንጠረዥ ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት ጽፌ እስክጨርስ ከወንበሬ እንዳልነሳ አዘዘችኝ፣ ሳፋ ያዘች፣ ወደ ነርሷ ቤት ሄደች።

የሰባትን ስጽፍ መሰላል ሲጎተት ሰማሁ። የስምንትን ስጽፍ ነርሷ በዚያ ወፍራም ድምጿ "ቀስ፣ ቀስ፣ እኔ ላይ ተደገፊ" ስትል ከአጥሩ ወዲያ ተሰማኝ። ቁም ሳጥን እየተንፏቀቀ ይጮሃል፣ መጥረጊያ ይሰማል። ከወንበሬ አልተነሳሁም። አሥራ ሁለት ጊዜ አሥራ ሁለት ስንት እንደሆነ ጠፍቶብኝ ነበርና።

በማግስቱ ቅዳሜ ነው። ስነቃ የዕቃ ቤቱ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ወለሉ ተጠርጓል፣ የመድኃኒት ሽታ ያለው ውሃ ተረጭቶበታል። አኩራፊዋ እዚያው ናት። ከሥሯ ግን እንቁላል የለም፤ ሰባት ጫጩቶች ክንፏን እየገፉ ብቅ ጥልቅ ይላሉ። ከደስታዬ ብዛት አለቀስኩ። ስላወራሁ አይፈለፈሉም ብዬ ፈርቼ ነበር።

ለነርሷ ልነግራት ሮጥኩ። ጓዳዋ በር ገርበብ ብሎ ነበር። አልጋ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ ያዞረች ሴት ተኝታለች፤ ራሷን ተሸፍናለች። ነርሷ በሩን ዘጋችውና፣ በሽተኛ ናት፣ ትተኛ፣ አለችኝ። በሽተኛ ቤቷ ማደሩ አዲስ ነገር አልነበረም። ስለ ጫጩቶቹ ስነግራት "እሰይ" አለች። እሷ ጋ በሳምንቱ አጋማሽ የተፈለፈሉት ጫጩቶች የት እንደገቡ መጠየቅ አልመጣልኝም።

ረፋዱ ላይ ፎቶ አንሺው መጣ። እናቴ በሩን ሳያንኳኳ ከፈተችለት። እጁን ይዤ ጎተትኩት። ዕቃ ቤቱ በር ላይ ቆም አለ። ዶሮዋን አየ፣ ጆንያዎቹን አየ፣ ገባና የቁም ሳጥኑን ሁለት መዝጊያ ከፈተ። ከኋላው አየ። ፍራሹ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ያንን ፍራሽ በእጁ ዳሰሰው። ምን እንደሚፈልግ አልገባኝም፤ ጫጩቶቹ ያሉት በዚህ በኩል እኮ ነው አልኩት።

"አውራ ከየት መጣ፣ እትዬ?" አለ፣ ሳይዞር።

"እንቁላሉ የነርሷ ነው። እሷ ጋ አውራ አለ።"

ቁጢጥ ብሎ አንዷን ጫጩት አነሳት። አኩራፊዋ አንገቷን አስግጋ ላባዋን ነፋችበት። ጫጩቷን መዳፉ ላይ አስቀምጦ ትንሿን ክንፏን በአውራ ጣቱ ዘረጋት። እኔ የሚያሻሻት መሰለኝ። ጫፏ ላይ ላባ ማቆጥቆጥ ጀምሯል።

"ይቺ የሦስት ቀን ናት" አለ በለሰለሰ ድምፅ። "ትናንት ልጅቷ እንቁላል ነው ያለችኝ።" ጣቶቹን ቀስ ብሎ ማጠፍ ጀመረ። ጫጩቷ ጮኸች። እናቴን ነው የሚያየው። "የት ናት?"

"አኩራፊዋ? ያቻትና፣ ፊትህ" አልኩት።

ማንም አልሳቀም። እናቴ ከበሩ አልተነቃነቀችም። የአባቴን የሽቦ መቁረጫ ከኋላዋ ይዛ እንደነበር የነገረችኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ያን ጊዜ አኩራፊዋ ከጎጆዋ ዘላ ወጣች። በክንፏም በመንቁሯም እጁ ላይ ወረደችበት፤ ጫጩቷን ለቀቃት። የእጁ ጀርባ ተቀዶ ደሙ ወደ ነጭ ሸሚዙ እጅጌ ወረደ። አየው፣ ተነሳ፣ ዶሮዋን ረገጣት።

አንዴ አይደለም። አንዴ ቢሆን አምልጦት ነው እል ነበር። ግድግዳው ላይ አጋጭቶ፣ ተከትሎ ሄዶ፣ ደግሞ ረገጣት። ፊቱ ላይ ንዴት አልነበረም። ሰው ጫማውን ሲወለውል ያለው ዓይነት ፊት ነው። ድምፄ ጠፋብኝ፣ እኔ ሬዲዮዋ።

እናቴ "በቃህ። አየህ፣ የለችም። ከቤቴ ውጣ" አለችው።

ወጣ። የግቢው በር ላይ ሲደርስ ግን ቆመና እጁን በመሐረቡ እየጠቀለለ በጣቱ ጠራኝ። ሄድኩ፤ ያልሄድኩ እንደሆነ የሚመለስ መሰለኝ። ቁጢጥ ብሎ ቁመቱን ከቁመቴ አስተካከለ። የድሮው ፊቱ ተመልሷል፣ የድሮው ድምፁም።

"የኔ ቆንጆ፣ አንቺ መቼም አትዋሺኝም። ነርሷ ቤት ያደረ ሰው አለ?"

ከኋላዬ አኩራፊዋ ክንፏን እየጎተተች ጫጩቶቿን ስትጠራ ይሰማኛል። አልጋ ላይ ያየኋትን ሴት አስታወስኩ። ማን እንደሆነች አላወቅሁም። እምላለሁ፣ አላወቅሁም።

"የለም" አልኩት። "ነርሷ ብቻዋን ናት። ጠዋት ገብቼ ነበር።"

ዓይኔን ለረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ ቆርቆሮውን ከኪሱ አውጥቶ ኩሽኩሽ አደረገው። ስንት እንዳለ አልገመትኩም። ቆርቆሮውን መልሶ ኪሱ ከተተና ሄደ።

ነርሷ የአኩራፊዋን ክንፍ በሁለት የእንጨት ስንጣሪ መሃል አድርጋ አሰረችላት። አንድ ክንፏ ሳይዘረጋ ቀረ እንጂ ሰባቱንም አሳደገቻቸው። ከሦስት ቀን በኋላ የነርሷ በሽተኛ በጠዋቱ አውቶቡስ ሌላ ከተማ ወደሚገኝ ሆስፒታል ተላከች ተባለ። በመስኮት አየሁ፤ አንዲት የተሸፋፈነች ሴት ጎኗን ደግፋ ይዛ በቀስታ እየተራመደች ነበር። ዞር ብላ ቤታችንን አየች። ለሰላምታ እጄን አላነሳሁም፤ የማላውቃት ሴት ናትና።

እውነቱን እናቴ የነገረችኝ በአሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። የነገረችኝ ቀን ፎቶዎቼን ሁሉ፣ ሐይቁንና ሁለቱን ወፎች፣ አውጥቼ ቀደድኳቸው። አክስቴ በሄደችበት ከተማ አስተማሪ ሆና፣ ብቻዋን ቤት ይዛ፣ ጥርሷን አስተክላ ትኖር ነበር። ባሏ ከሞተ በኋላ እንኳ ወደ ሰፈራችን አልተመለሰችም፤ እኛ ነን ወደ እሷ የምንሄደው።

አምና፣ እናቴን ከቀበርን በኋላ፣ ሁለታችን ብቻችንን የተቀመጥንበት አንድ ከሰዓት ነበር። ዝናብ ሲሆን አሁንም ጎኗን ያማታል፤ ትራስ ደግፌላት ነበር። አውራ ዶሮ እንደሌለን የነገርኩት እኔ መሆኔን ያን ቀን ተናዘዝኩላት። ሠላሳ ዓመት የተሸከምኩት ነገር ነው።

"አውቃለሁ" አለች። "እናትሽ ያን ማታ ነግራኛለች። ልጅ አወራ ተብሎ ቂም ይያዛል እንዴ?" ዝናቡን ትንሽ አዳመጠች። "እኔ የምጠይቅሽ ሌላ ነው። ነርሷ ቤት ሰው አለ ወይ ሲልሽ ወደ በራችሁ ከሚያየው መስኮቷ ሥር ሆኜ እሰማ ነበር። ለምንድን ነው የለም ያልሽው? ማን ነግሮሽ?"

ማንም አልነገረኝም። ሌላ፣ የተሻለ ምክንያት ፈለግሁ፤ አጣሁ።

"ዶሮዋን ስለረገጣት ነው" አልኩ።

እስቃለሁ ብላ ጎኗን ያዘች። ከዚያ ሳቁ ጠፋ።

"እኔን ሲረግጠኝ ያዩ ብዙ ነበሩ" አለች። "ጠፍቼ ሲፈልገኝ ሁሉም የሚያውቀውን ነገረው። ያለሁበትን ባታውቂም፣ ከእናትሽና ከነርሷ ሌላ አንቺ ብቻ ነሽ የለችም ያልሽልኝ።"

ትራሱ ከጎኗ ተንሸራቶ ነበር። አነሳሁና መልሼ ደገፍኩላት።